ዋልካ ላይ የቆመ ውርርድ

ሴትዮዋን ሰው ሁሉ የሚጠራት ዲጂኖ ብሎ ነው። ስሙን ያወጡላት ገና ልጅ ሳለች አባቷ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅምና ቀጥ ያለች መሆኗ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን አፏ ነው። ከዚያ አፍ የወጣ ቃል እንደ መቆፈሪያው ብረት ያረፈበትን ሳይበሳ አይመለስም።

አባቷ አጥር ሠሪ ነበሩ። እናቷ ቶሎ ስለሞተች ልጅቷን የሚተዉለት ሰው አልነበራቸውምና ለሥራ በሄዱበት ሁሉ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ሌላው ልጅ አሻንጉሊት ሲያቅፍ እሷ የአባቷን ቱንቢ፣ ያን ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትን ማቅኚያ ገመድ፣ አንጠልጥላ ያገኘችውን ሁሉ ትለካለች፤ ግድግዳ፣ የቁም ሳጥን ጎን፣ የቆመ ሰው። አንድ ቀን ቤታቸው የመጡ የአባቷን ወዳጅ በር ላይ አስቁማ ገመዱን ከጆሯቸው አጠገብ ለቀቀችና «ወደ ግራ ያዘነብላሉ» አለቻቸው። ሰውዬው እውነትም ወደ ግራ ያዘነብሉ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ፊት ለፊት የነገራቸው አልነበረም። አባቷ ሊቆጧት አፋቸውን ሲከፍቱ ሳቅ አመለጣቸው።

የአካባቢው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካን ቆፍሮ የማያውቅ ሰው አፈር ይመስለዋል። ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ እያወጣ ድንጋይ ይሆናል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ እንደ ሊጥ ያብጥና የቀበሩበትን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። አካፋ ከገባበት በቀላሉ አይወጣም፤ ቢወጣም ጭቃው ተለጥፎ አብሮ ይወጣና ቢያራግፉት ቢመቱት አልለቅም ይላል። ስለዚህ አባትየው ለልጃቸው መጀመሪያ ያስተማሩት ባልዲ ሙሉ ውሃ አጠገብ ማስቀመጥን ነው። አካፋውን ውሃ ውስጥ ነከር ካደረጉት ጭቃው ተንሸራቶ ይወድቃል። ቀጥሎ ያስተማሯት ጉድጓዱን ከአፉ ይልቅ ታቹን ማስፋት ነው።

«አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ይበል» ይሏት ነበር። «እንደ ማሰሮ። ያኔ አፈሩ ሲያብጥ ቋሚውን ነክሶ ይይዘዋል እንጂ አይተፋውም። ከሥሩ ጠጠር፣ ከዚያ ትንሽ አፈር፣ ጠቅጠቅ። ደግሞ ትንሽ፣ ጠቅጠቅ። እጅሽ ሲዝል ገና ግማሽ ላይ ነሽ ማለት ነው።»

ባሏንም ያገኘችው ከጉድጓድ ውስጥ ነው። ይህን ስትናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ ቀልድ አይደለም። አባቷ ጉልበት ሲያንሳቸው አንድ ወጣት ቀጠሩ። ዛሬ ሪዛሙ የሚባለው ሰውዬ ያኔ ሪዙ ገና ለቁጥር የማትበቃ ነበረች፤ ትዕቢቱ ግን ሙሉ ሰው ያህል ነበር። የመጀመሪያ ቀኑ ነው፤ ልጅቷ እያየችው መሆኑን ሲያውቅ ደረቱን ነፍቶ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ ገባ። ዋልካው እስከ ጉልበቱ ዋጠው። አንዱን እግር ሲያወጣ ሌላው ይሰምጣል።

«ጋሼ!» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሳስቶ። «ቀኝ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም!»

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉ አባትየው ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «ይህን ሰው ንቀዪልኝ።»

ዲጂኖ ከኋላው ገብታ በብብቱ አቅፋ ሳበችው። እግሩ በታላቅ የመምጠጥ ድምፅ ወጣ፤ ቦት ጫማው ግን እዚያው ቀረ። አባትየው ጉድጓዱን አዩ፣ የጠቆረውን ሰማይ አዩ፣ «ዝናብ ደርሷል» አሉና ጫማው ላይ ጠጠር ደፍተው ቋሚውን አቆሙበት። ሪዛሙ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንዱ ካልሲ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ አንድ ቦትና አንድ ነጠላ ጫማ አድርጎ መጣ። ጫማውን ይጠይቃል ብለው ሲጠብቁ ልጅቷ የት እንደሄደች ጠየቀ።

ተጋቡ። አባትየው እርጅና ጣላቸው፣ ከዚያም አረፉ፤ መሣሪያውና ሥራው ለባልና ሚስቱ ቀረ። ጭቅጭቁም ያኔ ጀመረ። ሪዛሙ ሲሚንቶ የሚባል ነገር ልቡን ሰርቆታል። የሱ እምነት ቋሚ በሲሚንቶ ካልተጠመደ አልቆመም ነው። ዲጂኖ ደግሞ ሲሚንቶ ዋልካ ውስጥ የተነቃነቀ ጥርስ ነው ትላለች፤ አፈሩ ዝናብ ሲጠጣ ከነሥሩ ነቅሎ ይተፋዋል። ይህን ሙግት ቁርስ ላይ ይጀምሩታል፤ መንገድ ላይ ይቀጥላሉ፤ ሥራ ቦታ ሲደርሱ ያጋግሉታል። አጥር የሚያሳጥሩ ሰዎች ወንበር አውጥተው ያዳምጧቸው ነበር።

አንድ የዝናብ ወቅት አንዲት ችግኝ ሻጭ አስጠሯቸው። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ፣ ሰውን ሁሉ «ልጄ» የሚሉ ናቸው። ከመንገዱ ዳር ባለው ቦታቸው የጎመንና የአበባ ችግኝ ደርድረዋል። ችግራቸው የጎረቤታቸው የአሸዋ ጫኙ አህያ ነበር። ይህ አህያ ሁለት አመል አለው። ያገኘውን ለምለም ይበላል፤ የቆመ ነገር ካየ ደግሞ ዞሮ በዳሌው ይታከክበታል። አሮጌውን አጥራቸውን የጣለው እንደዚያ እየታከከ ነው።

«ልጆቼ፣ ይህን ፍጡር የሚችል አጥር ትሠሩልኛላችሁ?» አሉ ችግኝ ሻጯ።

«በሲሚንቶ ከሆነ ዝሆንም ይችላል» አለ ሪዛሙ ሪዙን እየጠመዘዘ። ያቺ ሪዝ በዘመናት ብዛት ሰፍታና ወፍራ፣ ጫፎቿ ወደ ላይ ታጥፈው የመንደሩ ጌጥ ሆናለች። ባለቤቷ ከማበጠሪያ ለይቷት አያውቅም።

«በሲሚንቶ ከሆነ ዝሆኑ እስኪመጣ እንኳን አይቆይም» አለች ዲጂኖ። ከዚያ ዐይኗ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። «እንወራረድ። ግማሹን አንተ በሲሚንቶህ፣ ግማሹን እኔ በጠጠሬ። በሩ መሃል ላይ ይሁን፤ የበሩን ቋሚ አብረን እናቆማለን።»

«ዳኛውስ?»

ዲጂኖ በአገጯ አመለከተች። አህያው ከወዲያ ሆኖ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል።

«እሱ ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቋሚውን የጣለበት ሰው ተሸነፈ። አንተ ከተሸነፍክ ሪዝህን ትላጫለህ።»

ሪዛሙ እጁ ሳያውቀው ወደ ከንፈሩ ሄደ። ግን ችግኝ ሻጯ እያዩ ነው፤ እንዴት ብሎ ያፈገፍጋል? «እሺ። አንቺ ከተሸነፍሽ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ለምናገረው ሁሉ መልስሽ አንድ ይሆናል። ልክ ነህ! ሌላ ቃል የለም።»

ዲጂኖ ሪዝ ቢኖራት እሱን ብትላጭ ይሻላት ነበር። ቢሆንም እጇን ዘረጋችለት።

ሥራው ተጀመረ። ሲባጎው ተወጠረ፤ እሱ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ፣ ጀርባ ለጀርባ እየተራራቁ መቆፈር ያዙ። እሱ ሲሚንቶውን እያቦካ ያፏጫል፤ እሷ ጠጠሯን እየደፋች አንዱን ቋሚ ከጠቀጠቀች በኋላ ሆን ብላ በትከሻዋ ትገፋውና ጮክ ብላ «ውይ፣ እኔ ተነቀነቅኩ እንጂ እሱስ ንቅንቅ አላለም» ትላለች። ፉጨቱ ለአፍታ ይቋረጣል፤ ከዚያ ከበፊቱ ጮኾ ይቀጥላል።

የበሩን ቋሚ መጨረሻ ላይ አቆሙት። ጉድጓዱን አብረው ቆፈሩ፣ ቋሚውን አስገቡ፣ በውሃ ልክ አስተካከሉ፣ በእንጨት አስደገፉት። እሷ ጠጠር ልታመጣ፣ እሱ ሲሚንቶ ሊያቦካ ሲሉ ዝናቡ እንደ ባልዲ ተደፋ። ችግኝ ሻጯ «ግቡ ልጆቼ፣ ሻይ ጠጡ» ብለው ጠሯቸው። ሻይ ተጠጣ፣ ወሬ መጣ፣ እሷ ለአንድ ጉዳይ ወጣች፣ እሱም ለሌላ። ተመልሰው ሲያዩ የቋሚው ሥር በጭቃ ተሸፍኖ ደንበኛ ሆኗል። ዲጂኖ «ሲሚንቶውን አልብሶ ከላይ አፈር መለሰበት፤ ቀደመኝ» ብላ በሆዷ ተናደደች። ሪዛሙም «ጠጠሯን ጠቅጥቃ ጨረሰች፤ ቀደመችኝ» ብሎ በሆዱ ተናደደ። መጠየቅ መሸነፍ ነውና ሁለቱም አልጠየቁም። መደገፊያውን አንስተው በሩን ሰቀሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ገና ሰው ሳይወጣ ዲጂኖ በትንሽ ማሰሮ የጨው ውሃ፣ በሌላ እጇ አሮጌ ብሩሽ ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች። አህያ ጨው ይወዳል። የባሏን ቋሚዎች እንደ ቀለም ቀቢ አንድ በአንድ ቀባቻቸው። እየላሰ ይገፋቸዋል፣ እየገፋ ይጥላቸዋል የሚል ሐሳብ ነው። ስትጨርስ የራሷን አጥር ለማየት ዞር አለች። በእያንዳንዱ ቋሚ ሥር አንድ አንድ እፍኝ ፉርሽካ ተቆልሏል።

«ዓይኑን በጨው ያጠበ!» አለች ዲጂኖ፣ የጨው ማሰሮዋን እንደያዘች።

ፉርሽካውን በእግሯ እየጠረገች ወደ ባሏ በኩል ስታዛውር ከችግኝ መደርደሪያው ጀርባ ሳል ሰማች። ሪዛሙ ተጎንብሶ ቆሟል።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አላት።

«አጥሬን ላይ መጥቼ ነዋ። አንተስ?»

«እኔም አጥሬን።»

«አጥርህ በወዲያ በኩል ነው።»

«ከዚህ ሆኜ ነው ጥርት ብሎ የሚታየኝ» አለና ማሰሮዋን ጎንበስ ብሎ አየ። «እሱ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው። ጠማኝ።»

«ብሩሹስ?»

«ይኸውልህ፣ ስጠጣ እንዳይፈስብኝ ብዬ» አለች፣ ፊቷ ላይ አንድ መስመር እንኳን ሳይንቀሳቀስ። ሁለቱም አብረው ወደ ቤት ተመለሱ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ አወሩ።

በዚያ ሳምንት ከሁሉ ያተረፈው አህያው ነው። ጠዋት ጨው ይልሳል፣ ቀን ፉርሽካ ይበላል፣ ሲጠግብ ይታከካል። ቆዳው እንደ ተወለወለ ጫማ አበራ። አሸዋ ጫኙ ራሱ «ይህ አህያ ምን አግኝቶ ነው?» እያለ ይገረም ጀመር። ቋሚዎቹ ግን፣ የሲሚንቶውም የጠጠሩም፣ ወይ ፍንክች። ባልና ሚስት በየቀኑ ይመጣሉ፤ አህያው ወደ አንደኛው ወገን ሲጠጋ ያኛው ልቡ በደስታ ይዘላል፣ አህያው ታክኮ ሲሄድ ደግሞ ወሽመጡ ይቆረጣል።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ወሬው በመንደሩ ስለተሰማ ጎረቤቶች ሁሉ ወጥተዋል። አህያው ተለቀቀ። መጀመሪያ ወደ ዲጂኖ በኩል ሄደ። አንዱን ቋሚ አሸተተ፣ ዞረ፣ ዳሌውን አስጠጋ፣ ገፋ፣ ታከከ። ቋሚው ቀጥ እንዳለ ቀረ። ዲጂኖ ትንፋሿን ለቀቀች። ወደ ሪዛሙ በኩል ተሻገረ፤ ላሰ፣ ገፋ፣ ታከከ። እዚያም ምንም የለም። ሪዛሙ ሪዙን በሁለት እጁ ጠመዘዘ።

«እኩል ወጡ!» አለ ከሰዉ መሃል አንዱ።

አህያው ግን አልጨረሰም። ተመልሶ መሃል ላይ ቆመ፣ ሰዉን አየ፣ ከዚያ ደክሞት ወንበር እንዳገኘ ሽማግሌ ዘና ብሎ ዳሌውን በበሩ ቋሚ ላይ አሳረፈ። ቋሚው አልተሰበረም፣ አልጮኸም። ቀስ ብሎ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ጎኑ ላይ ተኛ፤ በሩም አብሮት። ዋልካው ብቻ «ጯ» የሚል ድምፅ አሰማ። አህያው ራሱ ደንግጦ ጆሮውን ጣለ። ቀጥሎ ግን መንገዱ መከፈቱ ገባውና በወደቀው በር ላይ እየተራመደ ጎመን ችግኙ መሃል ገባ።

«ጠጠሩስ?» ብሎ ጮኸ ሪዛሙ።

«ሲሚንቶውስ?» ብላ ጮኸች ዲጂኖ፣ እኩል።

ሁለቱም ሮጠው ጉድጓዱ ላይ ተደፉ። ከውሃ በቀር ምንም የለበትም።

«ውይ ልጆቼ» አሉ ችግኝ ሻጯ፣ አህያውን በመጥረጊያ እያባረሩ። «የዚያን ዕለት እናንተ ስትወጡ ጭቃውን በእግሬ አስተካክዬ ነበር እኮ። አምሮ ነበር!»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፍርዱን የሰጡትም ችግኝ ሻጯ ናቸው። «ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል» አሉ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው፤ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ሪዛሙ ከፀጉር አስተካካዩ ሲመለስ ዲጂኖ በሩ ላይ ጠበቀችው። የላይኛው ከንፈሩ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ ነጣ ያለ፣ ራቁቱን የቀረ ነገር ነበር። መጀመሪያ አንጀቷን በላት። ያ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ያጣው ወጣት ድንገት ፊቷ ቆሟል፤ ዐይኑ ሥር የተሸበሸበ ብቻ ነው። ልታጽናናው አፏን ከፈተችና እንጥሏ እስኪታይ ሳቀች። እሱ ከንፈሩን ጣለ፤ መጣሉ ደግሞ ያለ ሪዝ ይበልጥ ያስቃል።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አላት። «ከነገ ጀምሮ ተራው የኔ ነው።»

በማግስቱ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ይዟት ሄደ። ሱቁ በሰው የተሞላበትን ሰዓት መርጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ዋልካ ውስጥ ሲሚንቶ ከጠጠር ይበልጣል» አለ።

«ልክ ነህ» አለች ዲጂኖ።

ባለ ሱቁ የያዘው ምስማር ከእጁ ወደቀ። ሪዛሙ እንደ ተሾመ ሰው ተንጎራደደ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጣፍጦት የዋለ ቀን የለም። ችግሩ ማታ እራት ላይ ጀመረ።

«ሾርባው ጨው በዛበት» አለ።

«ልክ ነህ።»

«ኧረ ቀምሼው ሳየው ደህና ነው።»

«ልክ ነህ።»

«የሚናገረውን የማያውቅ ሰው አደረግሽኝ እኮ!»

«ልክ ነህ» አለች፣ ማንኪያዋን እየላሰች።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ሪዛሙ መከራከር የለመደ ሰው ነው፤ ተከራካሪ ሲያጣ ቀልቡ ተገፈፈ። ቁርስ ላይ ሆን ብሎ የማይረባ ነገር ይናገራል፤ መልሷ ያው ነው። «ኮቴን ገልብጬ ለብሻለሁ ልበል» ይላል፣ «ልክ ነህ» ትላለች፣ አውልቆ ሲያየው አልገለበጠም።

ከዚያ የበሩን ቋሚ መልሰው ሊያቆሙ ሄዱ። አሮጌው ጉድጓድ ተንዶ ሰፍቶ ስለነበር ደፍነው ጎኑ ላይ አዲስ መቆፈር ነበረባቸው። ሪዛሙ አካፋውን ባልዲው ውስጥ እየነከረ መቆፈር ጀመረ። ትንሽ እንደሄደ «ሲባጎው ላይ ነኝ መቼም» አለ።

ዲጂኖ ሲባጎውን አየች፣ ጉድጓዱን አየች። «ልክ ነህ» አለች።

እሱ ቆፈረ። ጭቃው እስከ ክርኑ ተለጠፈበት፣ ላቡ ዐይኑ ውስጥ ገባ፤ ሆዱን ሰፋ፣ አፉን ጠበብ አደረገው፣ አማትየው ቢያዩት ደስ የሚላቸው ጉድጓድ ሆነ። ወገቡን ይዞ ቀና ሲል ጉድጓዱ ከሲባጎው አንድ ሙሉ እርምጃ ወጥቷል። በሩ እዚያ ላይ ቢሰቀል የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ነው።

«ምነው ዝም አልሽኝ!» ብሎ አንባረቀ።

ለጥያቄ «ልክ ነህ» መልስ አይሆንም፤ ሌላ ቃል እንዳትናገር ደግሞ ዲጂኖን ውሉ ይከለክላታል። ትከሻዋን ብቻ ሰበቀች።

ሪዛሙ አካፋውን ወረወረው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለ። «በቃ፣ ማርኩሽ! ውሉ ፈርሷል! በፈጠረሽ ተናገሪ፣ ተሳደቢ፣ የፈለግሽውን በይ!»

ዲጂኖ ያጠራቀመችውን ሁሉ አወጣችው። ከሱቁ ጀመረች፣ ወደ ሾርባው አለፈች፣ ጨው በርግጥም አልበዛበትም ነበር፤ የሲሚንቶውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረዘረች፣ ፉርሽካውን አነሳች። እሱም «የተጠማሽው ውሃስ?» ብሎ ብሩሹን አነሳ። ሲሟገቱ ጠማማውን ጉድጓድ ደፈኑ፤ ሲሟገቱ ሲባጎው ላይ ሌላ ቆፈሩ። ከሥር የሷ ጠጠር ገባ፣ ከላይ የሱ ሲሚንቶ። እሷ ስትጠቀጥቅ እሱ ቆሞ አየ፤ እሱ ሲሞላ እሷ ቆማ አየች። ችግኝ ሻጯ ሻይ ብለው ቢጠሯቸው ማናቸውም ንቅንቅ አላሉም።

«እናንተ ልጆች፣ ቀዘቀዘ እኮ!» አሉ ሴትዮዋ።

«እሷ ትቅደም» አለ ሪዛሙ፣ ዐይኑን ከጉድጓዱ ሳይነቅል።

«እሱ ይቅደም» አለች ዲጂኖ።

በመጨረሻ ችግኝ ሻጯ ብርጭቆዎቹን ራሳቸው ይዘው መጡ። ባልና ሚስት በቋሚው ግራና ቀኝ ቆመው፣ እጃቸው እስከ ክርን ጥቁር ሆኖ፣ ሻዩን ከጭቃው ጋር ጠጡ።

«ይህስ ይቆማል?» አሉ ችግኝ ሻጯ።

«በጠጠሩ» አለች እሷ።

«በሲሚንቶው» አለ እሱ።

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ፣ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰበሰቡና ጭቃውን በዚህኛው ጊዜ በእግራቸው ጫፍ እንኳን ሳይነኩ ዞረው ገቡ።